ሽንት ቤቱን የጠበቀው ሰው

ቆይ ልሳቅ፣ አዝመራዬ፣ ቆይ! ውይ ጎኔን! ገና ሳልጀምረው እኮ ነው የሚያስቀኝ። ዋናው ጨዋታ ያለው ወደ ኋላ ነው፣ ቁጥቋጦው ጋ ስንደርስ፤ እስከዚያ ታገሺኝ። የጤና ሠራተኛ ሆነሽ ቀበሌውን ሙሉ ሽንት ቤት አስቆፍረሽ፣ «አክስቴ፣ ሰዉ ቆፍሮ ሲያበቃ ለምን አይገባበትም? ልቅጣው ወይ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? እንግዲህ ስሚ።

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፣ ደግ ነው፣ ሰው ይወዳል። ሽንት ቤት ሥሩ ሲባል ከመንደሩ ሁሉ ቀድሞ ቆፈረ። መቆፈር ብቻ መሰለሽ? ቆርቆሮ አለበሰው፣ ግድግዳውን በጭቃ መርጎ በኖራ ቀባው፣ በጎኑ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ሰቀለ። አላፊ አግዳሚው እንዲያይለትም ከግቢው መግቢያ አጠገብ ሠርቶ በሩን ወደ መንገድ አዞረው። ከዚያ ፍየል እንዳይገባበት ብሎ በርጩማውን ከበሩ ፊት አኖረና ጭራውን ይዞ ተቀመጠ። ሲነጋ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ይነሣል።

መቀመጡስ ባልከፋ። ሰውየው ሰላምታ አያሳጥርም! አገራችንን ታውቂው የለ፤ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «እንዴት አደርክ» ካለ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ሽንት ቤት ያልሠራ ጎረቤት ሆዱን ሲቆርጠው እየሮጠ ይመጣል፤ ሰውየው ብድግ ይላል። «እንዴት አደርክ? ደህና አደርክ? ልጆቹስ? ከብቱስ? ጊደሯ ወለደች? ዝናቡ ወደ እናንተም ጣለ?» ያ ምስኪን እግሩን አጣምሮ «እግዜር ይመስገን፣ እግዜር ይመስገን» ሲል ላቡ ጠብ ይላል። በመጨረሻ «ምነው፣ በደህና ነው የመጣኸው?» ሲለው ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል? «አይ፣ ሰላም ልልዎ ብዬ ነው» ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ይፈተለካል። ሰውየውም ማታ ለሚስቱ፣ «ይኸ ሽንት ቤት ከተሠራ ወዲህ ሰዉ እንዴት ወደደኝ!» ይላታል። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ አስቦም አያውቅ። ቤቱ ከተሠራ አለቀ ብሎ ነው።

ቁጥቋጦው ያለው ግን ከምንጩ በላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ከዚያ የታጠበው ሁሉ ምንጩ ውስጥ ይገባል፤ ከምንጩ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ይጠጣል።

ምራቱ ገና ድክ ድክ የሚል ወንድ ልጅ ነበራት። ያ ልጅ በተቅማጥ ተያዘ። ዳነ ሲባል ያገረሽበታል፤ ዓይኑ ጎደጎደ፣ ለቅሶው እንኳ ድምፅ አጣ። ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ መድኃኒት ተሰጣቸውና «ውሃችሁን ጠብቁ፣ ከላይ የሚያቆሽሸው አለ» ተባሉ። ምራቲቱም የባሏን እናት፣ «እማማ፣ ወንድሞቼ ዘንድ ልኬያለሁ። ሲመጡ ልጄን ይዤ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ። እዚህ ቁጭ ብዬ አልቀብረውም» አለቻት።

አያትየው ይህን ሲሰማ አበደ። የልጅ ልጁን ነዋ! «ከላይ ያሉት ጎረቤቶቻችን ናቸው! ሽንት ቤት የሌላቸው እነሱ አይደሉም?» ብሎ በሰው ፊት ሰደባቸው። እጅ ከፍንጅ ልያዛቸው ብሎም ለማንም ሳይናገር፣ ጎህ ሲቀድ ዱላውን ይዞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቁጥቋጦው መሀል አጋም ሥር አደፈጠ።

መጣልሽ ጨዋታው! ኮቴ ሰማ። ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። «ያዝኩህ!» ብሎ ዘሎ ሲወጣ፣ ሚስቱ! ጣሳዋን ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብስባ!

«አንተ ሰውዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ውሃችንን የሚያበላሸውን እጠብቃለሁ!»

«እንግዲያው ያዝከው!»

«አንቺ! ቆርቆሮ ያለበስኩት ቤት እያለልሽ?»

«ቤቱስ መልካም ነበር፤ በሩ ላይ አንተ አለህ እንጂ! እኔ ልጅ የወለድኩልህ ካፈርኩ፣ ያቺ የሰው ልጅ በባሏ አባት ፊት እንዴት ብላ ትግባ? ከኋላዬ ነበረች፤ አንተን አይታ ይኸው ገደል ልትገባ ነው!»

«እኔ ምን አደረግኋት? ሰላም ማለቴ ነው!»

«እሱን እኮ ነው የምልህ!»

ሰውየው ዱላውን ጣለ። ቤቱ ሄዶ በሩን ከነመቃኑ ነቀለና በትከሻው ተሸክሞ ዞረ፤ የጀርባውን ግድግዳ ሰብሮ ወደ ጌሾው ተክል አድርጎ ገጠመው፣ የፊቱን ቀዳዳ በጭቃ ደፈነው። ያ በኖራ ያሳመረው ግድግዳ! በርጩማውንም ከግቢው ማዶ ወሰደው። ከዚያ የሰደባቸው ጎረቤቶቹ ደጅ ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ። እነሱም በሳቅ ፈርሰው ድንጋዩን አወረዱለትና፣ «እኛም ስንቆፍር በሩን አንተው ታዞርልናለህ» አሉት። ከቁጥቋጦው እግር ጠፋ፣ ምንጩን አጠሩት፣ ውሃው እያደር ጠራ። ልጁም ምግብ ቀመሰ፣ ጉንጩ ሞላ፣ መልሶ ጭቃ ውስጥ መንከባለል ጀመረ።

አየሽ አዝመራዬ፣ ያ ሰውዬ ክፉ አልነበረም፤ አንቺም አይደለሽም፣ አንጀቴ ነሽ። ግን አንቺም በርጩማ አለሽ። ስብሰባ መሀል ፊሽካ ነፍተሽ «ሽንት ቤቱን የተጠቀመ እጁን ያውጣ!» ትያለሽ አሉ። ልጄ፣ ይህ በሽማግሌ ፊት ይባላል? ቅጣት ከጨመርሽበት ሁለተኛ በርጩማ ማስቀመጥሽ ነው። ሰው ቁጥቋጦ የሚሄደው ጉድጓድ አጥቶ ብቻ አይደለም፤ እፍረቱን የሚከልልበት ሲያጣም ነው። ፊሽካሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና ጓዳ ገብተሽ ሴቶቹን ጠይቂያቸው። «በሩ ወዴት ይዙርልሽ?» በያቸው። ቁፋሮው ግማሹ ነው፤ ይኸኛው ነው ሌላው ግማሽ።

የምራቲቱ ወንድሞችማ መጡ እንጂ! በቅሎ ጭነው ከተፍ አሉ። «በይ ልጅሽን እዘዪ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ» አሏት። እሷ ከጌሾው ተክል በኩል፣ የታጠበ እጇን እያራገፈች ነበር የመጣችው፤ ልጁ ቀሚሷን ይዞ ይጎትታል። አያትየው ከማዶ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። እሷም ልጁን ብድግ አድርጋ አቀፈችና እንዲህ አለቻቸው፦

«ወንድሞቼ፣ እዚህ ቤት ገና አሁን መግባቴ ነው፤ ወዴት ትወስዱኛላችሁ?»