ሳይማር የተመረቀው ጡረተኛ

በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት ሊጀመር ሲል ጡረታ የወጡት ነርስ ሲስተር ውብነሽ እጃቸውን አነሡ። «መምህር፣ ታሪኩም ሥዕሉም ግጥሙም ፍልስፍናውም በአንድ ላይ ይሰጣል ተብሏል። በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርግልኛል? ሲያልቅስ የምስክር ወረቀት አለው?» አሉ። መምህር ይትባረክ መነጽራቸውን አወለቁና እንዲህ ሲሉ መለሱላቸው።

አንድ ጡረተኛ ነበረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ስለሆነ ማኅተም የሌለበትን ነገር አያምንም። ጡረታ በወጣ በአራተኛው ወር ለቅመሙ ዕቃ ሁሉ ቁጥር እየሰጠ ሲያስቸግራት፣ ሚስቱ እንዲህ እንደኛ ያለ ትምህርት ላይ አስመዘገበችው።

በመጀመሪያው ቀን አስተማሪው አንድ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አሳየ። «የድሮ ሠዓሊዎች ደጉን ሰው ከፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉውን ግን ከጎን በአንድ ዓይን ይሥሉት ነበር። ለምን ይመስላችኋል?»

ጡረተኛው እጁን አነሣ። «ይህ ፈተና ላይ ይመጣል?»

«ፈተና የለም።»

«ታዲያ ማለፌ በምን ይታወቃል?»

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እጁን አነሣና የምስክር ወረቀቱ ላይ ማን እንደሚፈርም ጠየቀ። ሦስተኛ ጊዜ ያነሣው የማኅተሙን ቅርጽ ለማወቅ ነበር። አስተማሪው ትዕግሥቱ አለቀ። በማግስቱ የጡረተኛው ስም በትልቁ የተጻፈበት፣ ሁለት ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላከለት። «በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀዋል፤ ከእንግዲህ መምጣት አያስፈልግዎትም» ይላል።

ሰውየው ቅር ሊለው ሲገባ ደስ አለው። ጎረቤቶቹ እንኳን ደስ አለህ ብለው «ለመሆኑ ምን ተማርክ?» ሲሉት «አልቋል» እያለ መለሰ።

ወረቀቱን ሊሰቅል ምስማር ሲመታ ዓይኑ አጠገቡ ከተሰቀለ ፎቶግራፍ ላይ አረፈ። የጡረታ ሽኝቱ ዕለት የተነሡት ነው። ባልደረቦቹ ሁሉ ፊት ለፊት ያያሉ። እሱ ብቻ ወደ ጎን ዞሯል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ነው። መዶሻውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ጥሩወርቅ፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ እንዴ?»

ሚስቱ ከጓዳ ሆና «እኔ ምን አውቃለሁ፤ የተመረቅከው አንተ» አለችው።

ያን ሳምንት ከፎቶግራፉ ፊት ደጋግሞ ቆመ። መዝገብ ቤት ሳለ ባለጉዳይ መስኮቱ ላይ ሲመጣ ፊቱን እንኳ ሳያዞር «ነገ ተመለስ» ይል እንደነበር ትዝ አለው። ነገሩን አስተማሪውን እንዳይጠይቅ ተመርቋል፤ ስሙ ከክፍሉ ወጥቷል። ስለዚህ በሚስቱ ስም ተመዘገበ።

ሰዓቱ ሲደርስ አስተማሪው ስክሪኑን አየና «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ጢምዎ ያምራል» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሰውየው ግን አልሳቀም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፤ «ያ ባለ አንድ ዓይኑ ሰው ፊቱን ወደ እኛ ቢያዞር ሁለተኛ ዓይን ይኖረዋል?»

አስተማሪው ጥያቄውን ለክፍሉ ወረወረው። አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ ሰውን በአንድ ወገን ብቻ አይቶ መፍረድ እንዴት እንደሚከብድ ተናገሩ። አንዱ ስለ ፊት የተገጠመ ግጥም በቃሉ ተወጣው። አንዲት ልብስ ሰፊ ደግሞ ሥዕሉን ተጠግታ አየችና «ማንም ዙር አላለውም እንጂ ይዞር ነበር» አለች። ሰዓቱ አልቆም የወጣ ሰው አልነበረም። ጡረተኛው በዚያ ቀን ማኅተም የሚባል ነገር አላነሣም። በማግስቱ ባለሱቁን ፊት ለፊት እያየ ደኅንነቱን ቢጠይቀው ባለሱቁ ደንግጦ «ምነው፣ አሞዎታል?» አለው።

መምህር ይትባረክ ይህን ተናግረው ወደ ሲስተር ውብነሽ ተመለሱ። «እርስዎም እንደዚያ ሰው ነዎት፣ ሲስተር። ዕድሜዎን ሙሉ ለፈተና፣ ለሥራ፣ ለሌላው ሰው ሲሉ ተማሩ። አሁን ለራስዎ ሊማሩ ሲመጡ ግራ ገባዎት። ትምህርቱ ምን እንደሚያደርግልዎት እኔ ልነግርዎት አልችልም፤ እሱም ያወቀው የራሱ ጥያቄ ከያዘው በኋላ ነው። ወረቀቱን ከፈለጉ ግን አሁኑኑ ልላክልዎትና ይሂዱ።»

ሲስተር ውብነሽ ከትምህርቱ መውጫውን ሊጫኑ ጣታቸውን አስጠጉና መለሱት።

«እሄዳለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «ግን መምህር፣ ሠዓሊው ራሱን ቢሥል ኖሮ በስንት ዓይን ይሥለው ነበር?»