ለመነሣት የሚያስቸግረው ፓምፕ

ምላሱ ከእጁ የሚቀድም አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ተንቀሳቃሽ ባትሪ ገዛና በእድር ስብሰባ ላይ፣ "ከእንግዲህ መብራት ቢሄድም ከጉድጓዴ ውሃ አወጣለሁ፤ የጠማው ይምጣ!" ብሎ ፎከረ።

መብራት ሄደ፤ ሰፈርተኛው ጄሪካኑን ይዞ መጣ። ያለ ሁለት ሰው ድጋፍ ከወንበር የማይነሡት የእድሩ ዳኛ አቶ ደምመላሽም መጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ፓምፑን ከባትሪው ጋር አገናኝቶ ቁልፉን ሲጫን ፓምፑ "እህ" አለ፤ ባትሪው "ጢጥ" ብሎ ጠፋ። ደገመው፤ ያው "ጢጥ" ነው።

"በል ተናገር!" አሉ ዳኛው። "እድሩን ያታለለው ማነው? ባትሪው ነው ካልክ፣ የሚገዛውን የማያውቅ ጅል ነህ። እኔ ነኝ ካልክ፣ ዛሬውኑ ከእድር ትሰረዛለህ!"

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ።

"ጌታዬ፣ እኔና ባትሪው አንድ ነን። እሱ ለአምፖል፣ እኔ ለወሬ ጀግኖች ነን፤ ከባድ ነገር ሲመጣ ግን ሁለታችንም ጢጥ ነው። ፓምፑ ግን እርስዎን ሳይመስል አይቀርም፤ አንዴ ከተነሣ ችግር የለበትም፣ እስኪነሣ ነው የሰውንም የባትሪውንም ጉልበት የሚጨርሰው።"

ዳኛው "ሰርዙት!" ብለው በቁጣ ሊነሡ ቢሞክሩም፣ ሁለቱ ደጋፊዎቻቸው በሳቅ ወድቀው ነበርና በተቀመጡበት ቀሩ።