ያልተወቀረ ወፍጮ

ቃር የሚያስቸግረው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት የጤና ጣቢያ ድሬሰር ቤት ገብቶ «ጋሼ፣ በየቀኑ የምውጣት የጨጓራ እንክብል ቃሬን ድራሹን አጥፍታልኛለች። እስክሞት ብውጣት ምን አለበት?» ብሎ ጠየቃቸው። አዛውንቱ መነጽራቸውን አውልቀው እንዲህ አሉት፦

«አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጥርሱን ያመዋል። ሚስቱ የወፍጮው ድንጋይ በለሰለሰ ቁጥር በመዶሻ ትወቅረዋለች፤ ካልሻከረ አይፈጭማ። ታዲያ በተወቀረ ማግስት ዱቄቱ ትንሽ አሸዋ አያጣም። አሸዋዋ የታመመው ጥርሱ ላይ ስታርፍ ሰውየው ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። ጎረቤቱ አዘነለትና ‹እስኪሻልህ ለአንድ ወር አይወቀር› አለው። ደግ ምክር ነበር።

ወሩ አለቀ፣ ጥርሱም ተሻለው። ሚስቱ መዶሻውን ብታነሳ ‹አንቺ ሴት፣ ሰላም አትንሺኝ!› ብሎ ነጠቃትና ጣሪያው ሥር ሸጎጠው። ዓመት አለፈ፣ ሁለት፣ አምስት። ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ብትፈጭ ግማሹ ገብስ ሳይሰበር እየተንሸራተተ ይወርዳል። ያንኑ ጋግረው ይበላሉ።

ሆዳቸው ይሞላል፣ ጉልበት ግን የለም። ሚስቱ ገረጣች፣ የሱም እጅ ይደነዝዝ ጀመር። ‹በቀን ሦስቴ እየበላን ምን ጎደለብን?› እያለ አንዴ ዝናቡን፣ አንዴ የሰው ዓይንን ያማል። ከዕለታት አንድ ቀን፣ እንደ ነፍሱ የሚወዳት ሴት ልጁ ደጃፍ ላይ ተደናቅፋ ብትወድቅ ጭኗ ተሰበረ። ሌላ ልጅ አቧራውን አራግፎ የሚነሳበት አወዳደቅ ነበር።

ወጌሻ ሊጠራ በጓሮ ሲሮጥ ዶሮዎቹን አያቸው። ቤተሰቡ የሚጸዳዳበት ቦታ ላይ እየጫሩ ሙሉ ሙሉ ገብስ ይለቅማሉ። መራመድ እስኪያቅታቸው ሰብተዋል። ያኔ ገባው። ልጁ ከሞላ ጎተራ አጠገብ ተርባ ኖራለች፤ ያስራባትም እሱ ነው።

ወጌሻው እንደሄደ መዶሻውን አወረደና ድንጋዩን እያለቀሰ ወቀረው። በማግስቱ ቂጣው አፉ ውስጥ ቀጭ ቀጭ አለ፣ ጥርሱም ከድሮው ብሶ አመመው፤ ቻለው። ቤቱ ቀስ በቀስ አገገመ። ልጅቷ ግን እስከ ዛሬ ታነክሳለች።»

አዛውንቱ ወደ ሹፌሩ ዞሩ። «ወፍጮው ጨጓራህ ነው። የሚያቃጥልህም አሲድ ሻካራነቱ ነው። ለጊዜው ስታበርደው እሰየው። ለዓመታት ስታበርደው ግን ከምትበላው ምግብ ብረቱም፣ ቫይታሚኑም፣ አጥንት የሚያጠነክረውም ሳይጠቅምህ ሊያልፍ ይችላል። ሁሉም ላይ ይደርሳል አልልህም፤ እንክብሏ ዕድሜ ልኩን የምታስፈልገውም በሽተኛ አለ። ያንን የሚለየው ግን ሐኪም ነው። በድንገትም አታቋርጣት፣ ቃሩ ብሶ ይመለስብሃል። ለመሆኑ ለስንት ጊዜ ነበር የታዘዘችልህ?»

«ለአሥራ አራት ቀን።»

«ከጀመርክስ?»

ሹፌሩ አሰበ። «ትንሿ ልጄ የተወለደች ሰሞን ነው። ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት!» አዛውንቱ ተቆጡ። «ለመሆኑ የሰጠህ ሰው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀህም? ማን ይባላል?»

ሹፌሩ አንገቱን ደፋ። «እርስዎ ነዎት ጋሼ። ጤና ጣቢያ ሳሉ ባለቀችብኝ ቁጥር ይጨምሩልኝ ነበር።»

አዛውንቱ ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ።

«በል ተነስ» አሉት፤ «ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። ጥፋቱን እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»