ጉራች በሬና የመስታወቱ ማሳ

ተረት አለኝ። ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ የሌለው ከጎረቤት ይዋስ።

ድሮ ነው። በሬ ሲጠይቅ ቀንበር ይመልስ በነበረ ጊዜ ነው። አያ አንዳርጌ የሚባል ገበሬ ነበረ። ሚስቱ እናንየ ትባላለች። ከአያት ከቅድመ አያት የወረሱት ሰፊ ማሳ ነበራቸው። ጉራች የሚባል ጥቁር በሬም ነበራቸው። ጉራች ከጎረቤት በሬ ጋር እየተጠመደ ያንን ማሳ ሲያርስ ኖረ። ሌላ ሥራ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ከበረት ወጣ። ወደ ማሳው አየ። ክው አለ።

ሰዎች ብረት ይተክላሉ። አንድ ረድፍ፣ ሌላ ረድፍ፣ ማሳው ሙሉ ብረት።

“አንተ ቀንበር፣ ምን እየተዘራ ነው?”

“ብረት።”

“ብረት ደግሞ ይበቅላል?”

“እኔ ምን አውቄ። እኔ የማውቀው አንገት ነው።”

ሰነበተ። ብረቱ መስታወት አፈራ። ጥቁር ነው፤ እንደ በር ሳንቃ ሰፊ ነው። ጠዋት ወደ ምሥራቅ ያያል፤ ማታ ወደ ምዕራብ ያያል። ሶላር ነው አሉ። ፀሐይ ይጠጣል፣ መብራት ያወጣል አሉ። ጉራች አፉን ከፍቶ ቀረ። የሚያመሰኳው ሣር ካፉ ወደቀ።

መስታወቱ አየውና፣ “ና በሬው፤ ከዳር ካለው ጥላዬ እረፍ” አለው።

“ከሌባ ጥላ አላርፍም።”

“ምንህን ሰረቅሁህ?”

“መሬቴን!”

እርሻ ቀረ። የጎረቤቱ በሬ ወደ ጌታው ተመለሰ። ቀንበርና ማረሻም ከግድግዳው ላይ ተሰቀሉ። ማረሻው ይዝግ ጀመር።

“ስማ ጉራች” አለ ማረሻ።

“አቤት።”

“እኔ ዛግሁ።”

“አይዞህ።”

“ለኔ አታልቅስ። ያላረሰ ማረሻ ይዝጋል። ያላረሰ በሬስ?”

ጉራች አንገቱን አቀና።

“ይታረዳላ!” አለ ማረሻ።

ጉራች ክው አለ። ይህን ሲባባሉ አያ አንዳርጌ መጣ። የጉራችን ሻኛ ዳሰሰ። በጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

“አየህ?” አለ ማረሻ። “ሰው የበሬ ሻኛ የሚዳስሰው ምን ፈልጎ ይመስልሃል?”

“ታዲያ ምን ይሻለኛል?”

“መስታወቱን አጥፋ። መሬቱ ይመለስ። እኔም ልረስ፣ አንተም ኑር።”

“ቆይ ጉራች” አለ ቀንበር። “እስቲ መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ...”

ጉራች የት አለ? ሄዷል።

ወደ አቧራ ሄደ። “አቧራ ሆይ አቧራ፣ የመስታወቱን ዓይን ሸፍንልኝ።”

“ይህማ ቀላል ነው።”

አቧራ ተነሣ። መስታወቱን አለበሰው። እናንየ አየችና ጀሪካንና ጨርቅ ይዛ ወጣች። ባሏም ተከተላት።

“ጉድ እኮ ነው” አለች። “ማሳ ፊቱን ሲታጠብ አይቼ አላውቅም።”

“አንቺም ለሠርግሽ እንዲህ አልታጠብሽ!”

“አንተስ? አንተ እኮ ገና ነህ!”

እየሳቁ አጠቡት። መስታወቱ ጠራ። ውኃው ወደ መሬት ሰረገ።

ጉራች ወደ ደመና ሄደ። “ደመና ሆይ ደመና፣ በረዶህን ጣልበት።”

“ይህማ ቀላል ነው።”

በረዶው ተንጣጣ። የጉራች ጀርባ አበጠ። መስታወቱ ንቅንቅ አላለ። በረዶው ቀለጠ፤ እሱም ወደ መሬት ሰረገ።

ጉራች ወደ ሙጃ ሣር ሄደ። “ሙጃ ሆይ ሙጃ፣ ብቀልበት።”

“ይህስ ከሁሉ ቀላል ነው። ማን እንዳጠጣኝ እንጃ፣ ጠጥቼ ጠግቤያለሁ።”

ሙጃው በቀለ። ጉልበት ደረሰ፤ ወገብ ደረሰ፤ መስታወቱን አልፎ ሄደ። ፀሐይዋን ጋረደ። መብራቱ ደከመ።

“በሬው፣ ምን በደልሁህ?” አለ መስታወቱ።

ጉራች ጅራቱን ወዘወዘ። ደስ አለው።

በማግስቱ የሶላሩ ኃላፊ መጣ።

“አያ አንዳርጌ፣ ምንድን ነው ይሄ ጫካ? መሬቱን ስታከራዩን ልትጠብቁት አልነበረም የተስማማነው?”

“ነበረ። ከየት እንደበቀለብን እንጃ።”

“በሉ ከብት አስገቡበት።”

“ጉራች አለ አይደል!” አለች እናንየ። “ይግባና ይጋጠው።”

ጉራች ጆሮውን አቆመ።

“በሬማ አይሆንም” አለ ሰውየው። “በቀንዱ ይገለብጠዋል። ፍየልም ትወጣበታለች። በግ ነው የሚሆን፤ ከሥሩ ገብቶ የሚግጥ። ብዙ በግ።”

“ብዙ በግ ከየት ይመጣል?” አለ አያ አንዳርጌ።

“በምንስ ብር ይገዛል?” አለች እናንየ። ባልና ሚስት ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ጉራች አዩ።

ጉራች ክው አለ።

“አይ ጉራች!” አለ አያ አንዳርጌ። ግንባሩን አሸት አደረገለት። “እኔስ በእርጅናው ልጦረው ነበር። ይህ ሣር ጉድ አደረገኝ።”

ገመድ ሊያመጣ ገባ። ያን ጊዜ ቀንበር ከግድግዳው ላይ ተናገረ።

“ጠይቀኝ ብዬህ ነበር። ከሻኛህ ሥር ያለውን ቁስል ማን አወጣብህ?”

“አንተ።”

“ጌታህ የዳሰሰህ ያ ቁስል ሽሮ እንደሆን ብሎ ነው።”

ጉራች አራት እግሩ መሬት ላይ ተተከለ። ሦስት ጊዜ ተስቦ አልተነሣም። በአራተኛው ተነሣ።

“ያንንም ማረሻ ይዘኸው ሂድ” አለች እናንየ። “ቀጥቃጭ ማጭድ ያድርግልን። ከዳር ከዳሩ እናጭድበታለን።”

“እኔን? እኔን በእሳት?” ብሎ ጮኸ ማረሻ። ሰው የማረሻ ጩኸት አይሰማም።

ገበያ ደረሱ። ወገቡ ላይ ቢላዋ የሻጠ ሰው ወደ ጉራች ቀረበ። ሻኛውን ዳሰሰ። በጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

ያ እጅ ቁስል አልፈለገም።

ዛሬ በዚያ ማሳ ከመስታወቱ ሥር በግ ይግጣል። ጥላውም ቀዝቃዛ ነው ይላሉ።

ሳይጠይቅ የፈራ፣ ለራሱ ሳለ ካራ።

እኔ ጨረስሁ። ጆሮ የተዋሳችሁ መልሱ።