ዐሥራ አንድ በር፣ አንድ ቁጥር

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ ግን እንዳትስቅብኝ» አሉ እትዬ ትርፌ አልጋቸው ላይ ሆነው። «በሬ ብቻውን ይከፈታል።»

ደምሰው ሳቀ። በሩን የሠራላቸው እሱ ነው። ኤሌክትሮኒክስ መነካካት ይወዳል እንጂ ሥራው አይደለም። ጎረቤቱ እትዬ ትርፌ እግራቸው ሲከዳቸው፣ ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ጥፍር የምታክል ኮምፒውተርና ትንሽ የሬዲዮ መቀበያ ገጣጥሞ፣ ከአልጋቸው ሳይነሡ በሪሞት የሚከፍቱት በር ሠራላቸው። ያየ ሁሉ «ለእኔም» አለ። የራሱን ጨምሮ በሕንፃው እንዲህ ያሉ በሮች ዐሥራ አንድ ደረሱ።

«ሰይጣን ሪሞት የለውም እኮ፣ እትዬ!»

«ሰይጣንስ በተሻለኝ፤ እሱን ጠበል ያባርርልኛል። ይሄኛው ግን ሰው ነው፤ ትናንት በቀትር ገብቶ እግርጌዬ ቆመ። ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።»

የደምሰው ሳቅ ጠፋ። ባትሪውን ለካ፤ ደህና ነው። አንቴናውን ፈተሸ፤ ደህና ነው። ከዚያ ትዝ አለው። የመጀመሪያውን በር ሲሠራ ለሙከራ አንድ የሚስጥር ቁጥር አስገብቶ ነበር። «ሲያልቅ እቀይረዋለሁ» ብሎ ረሳው። ያንኑ ፕሮግራም በዐሥራ አንዱም በር ላይ ጫነ። የአንዱ ሪሞት የሁሉንም በር ይከፍታል ማለት ነው። ባለፈው ወር ቤት የለቀቀ አንድ ተከራይ ደግሞ ሪሞቱን ሳይመልስ ሄዷል።

«ምን አገኘህ?»

ቢናገር ሕንፃው ሁሉ ምን ይለዋል?

«አየሩ ነው፣ እትዬ። ሞገዱ ይረበሻል። ነገ አስተካክለዋለሁ።»

«አንተ ካልክማ» አሉና ትራሳቸውን ተደገፉ።

ደምሰው ታች ወዳለው ቤቱ ወርዶ ኮምፒውተሩን ከፈተ። የመጀመሪያውን አዲስ ቁጥር የጻፈው ለራሱ በር ነበር። ደጋግሞ ሞከረው። ሠራ።

ስሕተት ማንም ይሠራል። የተደበቀ ስሕተት ግን የሚያድነው የደበቀውን ብቻ ነው፤ ዕዳው ባመነው ሰው ላይ ያርፋል። እናንተ ብትሆኑ መጀመሪያ የማንን በር ትቀይሩ ነበር?

ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ደምሰው በሩን ገርበብ አድርጎ አየ። ቤት የለቀቀው ተከራይ ነው፤ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ከላይ አንድ በር ቀጭ አለ።

«ማነው? ደምሰው፣ አንተ ነህ?» አሉ እትዬ ትርፌ።

ደምሰው አፉን ከፈተ። ከዚያ ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቆ በሩን ዘጋው።