የማለዳዋ ተሻጋሪ

ምእመናን ሆይ፣ አምላክን የወለደች እመቤታችን ማርያም ብቸኛዋን ባሪያዋን እንዴት እንዳሰበቻት ስሙ፤ ልባችሁንም ወደ ውኃው ዳር መልሱ።

ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ገና በዝግታ በሚሄድበት ስፍራ አስካለ ማርያም የምትባል፣ እመቤታችንን የምትወድ ሴት ነበረች። ባሏ ቢያድግልኝ ደንገል ከሚባል የውኃ ዳር ተክል በታሰረች ታንኳ ሰው ያሻግር ነበርና፣ በየማለዳው የመጀመሪያውን ተሻጋሪ ያለ ዋጋ በማርያም ስም ሊያሻግር ተስሎ ነበር፤ ይህንም ሳያደርግ እህል አይቀምስም ነበር። በአንድ ክረምት ግን ሙላት ወሰደውና ሬሳው በታች በኩል ተገኘ። አስካለም ታንኳዪቱን፣ መቅዘፊያውንና ስእለቱን ወረሰች፤ ነገር ግን «በጭንቁ ሰዓት አጠገቡ ማንም አልነበረም» የሚል ሐሳብ እንደ እሾህ ይወጋት ነበር።

ከዚያም ደርበው የሚባል ሰው ሞተር ያለው የብረት ጀልባ አመጣና ሕዝቡ ሁሉ ወደ እርሱ ሄደ። እርሱም ባለፈ ቁጥር፣ «እትዬ አስካለ፣ ያችን የደንገል ክምር ለላም ያብሏት እንጂ! ቢያንስ ወተት ይወጣታል» ይላት ነበር። እርሷም፣ «ያንተዋስ ላም ናፍጣ ጠጥታ ምን ትታለባለች? ጩኸት ነው እንጂ!» ትለውና ሰዎቹ ይስቁ ነበር፤ እየሳቁም በብረቱ ጀልባ ይሄዱና እርሷ ብቻዋን ትቀር ነበር።

የደንገል ታንኳ ከውኃ ወጥታ፣ ዛፍ ተደግፋ ካልደረቀች ትበሰብሳለች። አስካለ ግን «ምናልባት ሰው ቢመጣ እንዳይጠብቀኝ» ብላ ቀኑን ሙሉ ውኃው ላይ ትተዋት ነበርና ታንኳዪቱ ውኃ ጠጥታ ከበደች፤ አዲስ ደንገል የሚያጭድላትም አልነበረም። ተሻጋሪ ሳይመጣ እየመሸባትም ብዙ ጊዜ ጦሟን አደረች።

በወሩ የማርያም ዕለት ጧት፣ የብረቱ ጀልባ ገና ሳይነሣ፣ ነጠላ የተከናነበች አንዲት ሴት ከማዶ «አሻግሪኝ!» ብላ ተጣራች። አስካለም ታንኳዪቱ እንደማትችል እያወቀች፣ «እመቤቴ ሆይ፣ የባሌ ስእለት በእጄ አይሙት» ብላ ገባች። መካከል ስትደርስ ውኃው ወገቧ ደረሰ፤ ደርበውም ከዳር ሆኖ፣ «ይመለሱ! ኧረ ይመለሱ፣ እትዬ!» እያለ ጮኸ፤ እርሷ ግን እያለቀሰች ቀዘፈችና በጭንቅ ማዶ ደረሰች። ሴቲቱ በተቀመጠች ጊዜ ታንኳዪቱ ዛሬ ከአዲስ ደንገል እንደ ታሰረች ሆና ከውኃው በላይ ከፍ አለች።

ወደ ወዲህኛው ዳር ሲመለሱም ሴቲቱ «ልጄ፣ ለምን ታለቅሻለሽ?» አለቻት። አስካለም «ባሌ በዚህ ውኃ ብቻውን ሞተ፤ እጁን የያዘለት አልነበረም» አለች። ሴቲቱም፣ «ስንቱን በስሜ አሻገረ! እኔስ እርሱን ብቻውን እተወው ዘንድ ይገባኝ ነበርን? ያን ቀን እጁን ይዤ ያሻገርሁት እኔ ነኝ» አለቻት። አስካለ ከእግሯ ሥር ልትወድቅ ዞር ብትል የሴቲቱ ስፍራ ባዶ ነበር፤ ታንኳዪቱም ዳሩን ነክታ ነበር። አስካለ በወረደች ጊዜም ደንገሉ ተበትኖ በውኃው ሄደ።

ደርበው ግን ያየው ተሳፋሪ የሌለባትን፣ ውኃውንም የማትነካ የምትመስለውን ታንኳ ብቻ ነበርና ወደ አስካለ ሮጦ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ስእለቱን በእኔ ጀልባ ይፈጽሙት» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የብረቱ ጀልባ የማለዳ ጉዞ በማርያም ስም ሆነ። አስካለም የቢያድግልኝን መቅዘፊያ በጭኗ አድርጋ ከፊት ትቀመጥ ነበር፤ ማዶም ደርሳ አምላኳን አመስግና እህል ትቀምስ ነበር። ከጎኗ ያለውን ስፍራ ግን፣ ጀልባው ቢሞላም፣ ማንም አይቀመጥበትም ነበር።

ይህችን እናት የላከልን እግዚአብሔር ይመስገን። እኛም ከማይቀረው ውኃ ዳር ቆመን በተጣራን ጊዜ እርሷ ትድረስልን፤ የሄዱብንን በእጇ ትያዝ፤ ይህን የሰማችሁትንም ሁሉ ምልጃዋ እስከ ማዶ ያድርሳችሁ፤ አሜን።