ጨዋታ አዋቂውና አራቱ ዝምተኛ ልጆች

«አንድ ሰው ነበረ፤ ጨዋታ አዋቂ» ብለው ጀመሩ ጡረታ የወጡት አስተማሪ እትዬ አስካለ። ከእኩዮቻቸው ጋር መግባባት ለሚቸግራቸው ልጆች የጠረጴዛ ላይ የጉዞ ጨዋታ ልትጀምር ያሰበችው ትርሲት፣ «ተረት መተረክ አልችልም፤ በምን ልጀምር?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

ይህ ሰው ሠርግ ላይ ከተቀመጠ ድንኳኑ በሙሉ ወደ እሱ ይዞራል። ለቅሶ ቤት እንኳ ሐዘንተኛውን ፈገግ ያሰኛል። ዕድሜው ሲገፋ ግን የልጅነቱ ቅዳሜ ይናፍቀው ጀመር። አጥር ሥር፣ በገል የጭቃ ወጥ እየሠሩ ከሠፈሩ ልጆች ጋር እቃቃ ይጫወቱ ነበር፤ አንዱ አባት፣ አንዷ ሙሽራ፣ አንዱ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ። አሁን በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም ልጆች ደረጃ ላይ ሲገናኙ ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ ይተላለፋሉ።

ስለዚህ አራት ዝምተኛ ልጆችን ከየቤታቸው ለምኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰበሰበ። ካርቶን ላይ አገር ሣለ። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቆርኪ ሰጠ፤ ቆርኪው በዚያ አገር የሚጓዝ ሰው ነው። የሚሞክሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱን ተወርውሮ የሚወጣው የዳይስ ቁጥር ይወስናል። ከዚያ ሰውየው ትረካውን ለቀቀው፤ እንደ ሽፍታ ፎከረ፣ እንደ ባልቴት አሳለ፣ እንደ ነፋስ አፏጨ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። ሁለት ወር እንዲህ አለፈ፤ እሱም ተሳካልኝ ብሎ ደስ አለው።

አንድ ቀን የአንዷ ልጅ እናት መጣች። ልጅቷ ከእናቷ በቀር ከማንም ጋር አታወራም።

«እንዳይቀየሙኝ ጋሼ» አለች እናትየው፤ «ጨዋታዎን ትወደዋለች። ግን አጠገቧ ለሚቀመጡት ልጆች እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እንዲሁ ከማመላልሳት ከመጪው ቅዳሜ በኋላ ትቅርብዎት።»

ሰውየው ብቻውን ሲቀር ያን የአጥር ሥር ጨዋታ አሰበ። ያኔ ተራኪው ማን ነበር? ማንም። አባት የሆነው ልጅ «እንግዳ፣ ከየት መጣህ?» ይልና ገሉን እንደያዘ መልስ ይጠብቃል፤ በቃ። ለካ የናፈቀው ተረት አልነበረም፤ እነዚያ ልጆች ነበሩ። ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ተጓዦቹ ወንዝ ዳር ቆሙ።

«ታንኳው ማዶ ነው፤ ባለታንኳው አላያችሁም» አለ። «ምን ታደርጋላችሁ?»

ከዚያ ዝም አለ። አንዱ ልጅ ቆርኪውን አሽከረከረ፤ ሌላው ቀና ብሎ የሰውየውን አፍ አየ። ሰውየውን ለመናገር ምላሱን በላው። የባለታንኳውን ሳል እንኳ ተዘጋጅቶበት ነበር፤ ግን ጥርሱን ነክሶ ቆየ። ዝምታው እጅግ ረዘመ።

ልጅቷ የጎረቤቷን እጅጌ ሳብ አደረገች። «አንተ ድምፅህ ትልቅ ነው» አለችው ቀስ ብላ፤ «ጥራው።»

«ብቻዬን አፍራለሁ» አለ ልጁ፤ «አብረን እንጥራው።»

አራቱም ተጣሩ። ቀጥሎ ታንኳው ላይ ማን ፊት ይቀመጥ በሚለው ተጨቃጨቁ፤ ልጅቷም አልሸነፍም አለች። ያን ቅዳሜ ወደ ሰውየው ዞር ብሎ ያየ ልጅ አልነበረም። ደስ አለው፤ ትንሽም ከፋው። እናትየው ልትወስዳት ስትመጣ በር ላይ ቆማ ጭቅጭቃቸውን ሰማች፤ ስለ መቅረትም ዳግመኛ አላነሳችም።

እትዬ አስካለ ወደ ትርሲት ዞሩ። «እንግዲህ ልጄ፣ ተረት አልችልም ብለሽ ፈራሽ። ያ ሰው ይችል ነበር፤ ሁለቱን ወር የፈጀበትም ችሎታው ነው። ወደ አንቺ የሚመጡት ልጆች ማለት እነዚያ ወንዝ ዳር የቆሙት ናቸው፤ አንቺም ሰውየው ነሽ። ወንዙን አሳያቸው፣ ምን ታደርጋላችሁ ብለሽ ጠይቂ፣ ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ያስጨንቅሻል፤ እኔንም ሁልጊዜ ያስጨንቀኝ ነበር። ግን ያን ሰዓት አፍሽን ከከፈትሽ የምትናገሪው አንዲት ልጅ ልትናገርበት በነበረው ጊዜ ነው። በይ ሂጂ፣ የፊታችን ቅዳሜ ጀምሪ።»